ባለ ጉንጯ ፓራውልት

የሰደበኝ እስጢፋኖስ ነው፤ የሚስቴ የዘርፌ ታናሽ ወንድም። ቀኑ ያለፈው ዓመት ዳግማይ ትንሣኤ፣ ቦታው ውቤ በረሃ፣ የአማቴ የእማማ ሙሉዓለም ሳሎን። እኔ በሩ ሥር፣ አንድ እግሯ የምትነቃነቀው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ እዚያ ቤት ስሄድ ሁልጊዜ የምትደርሰኝ እሷ ናት። እሱ ሶፋው መሀል ተንሰራፍቶ፣ የጋጠውን የበግ አጥንት በእጁ እንደያዘ፣ «ጋሽ ነጋሽኮ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው» አለ። «በዕድሜው አንድ የራሱ ነገር አውጥቶ አያውቅም። ጃፓኖቹ ሲያስሉ ቢሰማ ሳሉንም ይቀዳዋል።» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እንግዶቹ መሳቃቸው አልገረመኝም፤ ሰው የጋበዘው ሲቀልድ ይስቃል። ዘርፌም ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነው የሳቀችው፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሥራ ፈት ሁሉ «ጋሽ ኮፒ» ይለኛል። እኔ ደግሞ የሰደበኝን ሰው አልረሳም። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ «አንተ ወንበር ከማሞቅ ሌላ ሥራ የለህም» ብሎ ያስወጣኝን የሒሳብ አስተማሪ የኮቱን ቀለም ዛሬም አውቀዋለሁ። ቡኒ ነበር፤ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ አልተመለስኩም።

ሥራዬ ፋይበር ነው። ለአሮጌ መኪና፣ በተለይ ለዲኤክስ ኮሮላ፣ የፊት ፓራውልት፣ ግጭት መከላከያውን፣ እሠራለሁ። ዋናው የፋብሪካው ዕቃ ዛሬ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው ባለታክሲውን ታክሲውን ያሸጠዋል። ስለዚህ እኔ ጋ ይመጣሉ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ደጃፍ የምገዛውን ጧፍ በላምባ አቅልጬ ቅርጽ ማውጫ ፎርማውን እቀባለሁ፤ ያለዚያ ፋይበሩ ከፎርማው አይላቀቅም። ከዚያ ጨርቁን እያነጠፍኩ፣ ሬዚኑን እያጠጣሁ፣ ሲደርቅ በቀስታ አላቅቃለሁ። አንድ የሰፈሬ ወንጌላዊ «በጧፍ መኪና የሚሠራ ሰው አንተን አየሁ» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ዕቃዬ አይሰነጠቅም።

ፎርማውን ያነሳሁት ከሚስቴ አባት መኪና ላይ ነው። ጋሽ ኃይለማርያም፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ነጭ ዲኤክስ ነበረቻቸው። እኔ ዘርፌን ለማየት ሰበብ እየፈለግሁ እዚያ ቤት በምመላለስበት ጊዜ አንድ ቀን የገዛ በራቸውን ምሰሶ ገጩት። ፓራውልቷ ከግራው መብራት ሥር ተሰርጉዳ ገባች። «እኔ እሠራታለሁ» አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ግቢው ውስጥ ተንበርክኬ ስርጉዱን በእስቱኮ ሊጥ ስሞላ ዘርፌ የእስቱኮውን ጣሳ ይዛ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ነበር። ገና ሳይደርቅ በአውራ ጣቷ አንዴ ዳበስ አደረገችውና «በቃ አምሯል፣ አትንካው» አለችኝ። አላማረም። ትንሽ አብጦ ቀርቷል፤ ልክ ሰው ከረሜላ በጉንጩ እንደያዘ። የብርጭቆ ወረቀቱ በእጄ ነበር። አላሸሁትም። ኋላ ከዚያችው ፓራውልት ላይ ፎርማውን ሳነሳ እብጠቱም አብሮ ተነሳ፤ እስከ ዛሬ ከእጄ የወጣች ፓራውልት ሁሉ ከግራ መብራቷ ሥር ጉንጭ አላት። የጋራዥ ሰዎች ናቸው ስሙን ያወጡለት። ዕቃው የኔ መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ሰው አያይም፤ አውራ ጣቱን ወደ ሥር ልኮ ይዳብሳል። «ጉንጭ አላት፣ የነጋሽ ናት» ይልና ገንዘቡን ያወጣል።

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ዘርፌ ሻይ ቀድታ፣ አንድ ዳቦ ለሁለት ቆርሳ አስቀመጠችልኝ። ዳቦው በዋጋው እየጨመረ በመጠኑ እየቀነሰ፣ አሁን በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ ሆኗል። የምንኖረው ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ ባለች የቀበሌ ቤት ነው። ከጎናችን የነበሩት ቤቶች ፈርሰዋል፤ የኛ ለምን እንደቀረች የሚያውቅ የለም፤ ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ የሚነግረንም የለም። የጎረቤታችን የመኝታ ቤት ግድግዳ ከኛ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ብቻውን ቆሟል፤ አረንጓዴው ቀለሙና የቀን መቁጠሪያ የተሰቀለበት ሚስማሩ ውጭ ለመንገደኛው ይታያሉ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ እዚያ ድረስ ደርሶ፣ መብራቶቹ ሲበሩ የኛ ጣሪያ ዝገቱ ሁሉ ይቆጠራል። ዘርፌ ሻይዋን ሳትጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።

«ከሰዓት እማማ ጋ ሽማግሌ ይቀመጣል» አለችኝ።

«በምን ጉዳይ?»

«ታውቀዋለህ።»

የማውቀው እንዲህ ነው። እስጢፋኖስ ከከተማ ውጭ ሼድ ተሰጥቶት የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ከፍቷል። አምና ዘርፌ «ለወንድሜ ደንበኛ ነው» ብላ ሁለት ፓራውልት አስወሰደችኝ። ዋጋውን አልጠየቅሁም፤ ወንድሟ አይደል። ዝናቡ ሲያበቃ የሱ ፓራውልቶች ገበያ ላይ ወጡ፤ ከነጉንጫቸው። ተናደድኩ፣ ለዘርፌ ነገርኳት፣ ተነሥታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፤ ለእማማ ነገርኩ፣ «ወንድማማች ናችሁ፣ ይበርዳል» አሉኝ። ስለዚህ ዛሬ ሽማግሌ ሲባል በልቤ ደስ አለኝ። እንግዲህ ሊገስጹት ነው፤ ቢያንስ ይቅርታ ሊያስጠይቁልኝ ነው ብዬ፣ ለክት ያስቀመጥኩትን ሸሚዝ ለበስኩ። የአንገቱ ቁልፍ ላላ ብሎ ነበር፤ ዘርፌ ሳልጠይቃት መርፌ አምጥታ ሸሚዙ ሰውነቴ ላይ እንዳለ ሰፋችው። ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ትንፋሿ አንገቴን ነካኝ።

ትናንት ከፎርማው ያላቀቅኋትን አንዲት ፓራውልት በትከሻዬ አድርጌ ድልድዩን ተሻገርኩና አብዱልሙሀይሚን ሱቅ ደረስኩ። አብዱል የመለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ከመኪና ጋቢና አትሰፋም። የመብራት ፋናል፣ መስተዋት፣ የበር እጀታ ከጣሪያው እስከ ወለሉ ተንጠልጥሎ ሰው የሚገባው በጎኑ ነው። ሌላ ጊዜ ከሩቅ ሲያየኝ «የጃፓን አምባሳደር መጣ!» ይላል። ዛሬ ሲያየኝ ተነሳ።

«ነጋሼ፣ በአላህ ይዘሃት ተመለስ። ከበሬ ላይ አታስቁማት።»

«ምን ሆንክ?»

«ትናንት ከአማችህ ፋብሪካ ናቸው የተባሉ ሰዎች መጡ። ምስክር ወረቀት ይዘዋል፤ ፎቶ አለው፣ ማኅተም አለው። ይቺን ዕቃ ከነሱ በቀር ማንም መሥራት፣ ማንም መሸጥ አይችልም አሉ። የተገኘ ይወረሳል፣ ሱቁም ይታሸጋል። ምን ልበልህ? ስምንት ነፍስ ነው የማበላው።»

«የኔን የገዛ ዕቃ?»

«እኔ ምኔ ዳኛ ነው? መደርደሪያ ላይ ያሉትን ሁሉ እየዳበሱ ፈተሹ። በአውራ ጣት፣ ልክ እንደ ሰፈሩ ልጅ።»

«ያለ ጉንጭ ብሠራልህስ?»

አብዱል ሳቁ አመለጠው። «ያለ ጉንጭማ ማን ይወስዳታል ነጋሼ? ፎርጅድ ነው ይሉኛል።» ወዲያው ሳቁን ዋጠና ትከሻዬን ያዘኝ። በዚሁ መሀል አንድ ባለታክሲ፣ ልጅ ቢኖረኝ ልጄን የሚያክል፣ አንገቱን አስግጎ «የነጋሽ ፓራውልት አለ?» አለ። አብዱል አንዴ እኔን አንዴ ልጁን አየ። ከዚያ ከላይ ከተሰቀሉት አንዷን አወረደለት፤ ጥግዋ ላይ የሚያብረቀርቅ የእስጢፋኖስ ፋብሪካ ወረቀት ተለጥፎባታል። ልጁ አውራ ጣቱን ወደ ሥር ላከ፣ ዳበሰ፣ ራሱን ነቀነቀ። «እሷ ናት» አለ። ሲነኳት የምትጎብጥ ስስ ዕቃ ናት፤ ፋይበሩን ቆጥቦበታል፤ አንድ ክረምት አትወጣም። እኔ የራሴን በትከሻዬ እንደተሸከምኩ በጎን ወጣሁለት፤ መንገዱን ዘግቼበት ስለነበር።

ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና ወረድኩ። አማኑ የሚባል ባለታክሲ ደንበኛ ነበረኝ፤ ልጁ ሐዊ ሕግ ተምራ ቢሮ ከፍታለች ሲባል ሰምቻለሁ። ሊፍቱ አይሠራም። ፓራውልቷን ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ ጥበቃው «አባባ፣ መኪናውን የት አቆሙት?» ብሎ ቀለደብኝ፤ ይሄንንም ይዤዋለሁ። ሐዊ ግን ተነሥታ ተቀበለችኝ። ቢሮዋ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ጥቅስ። ፓራውልቷን የት እንደማደርጋት ስቸገር ራሷ ተቀብላ መስኮቱ ላይ አስደገፈቻት። ነገሩን ነገርኳት። ስልኳን አውጥታ ደወለች፣ ጻፈች፣ ጠበቀች፤ ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ የሚልክላት ሰው አገኘች። ከዚያ ወንበሯን አዙራ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሕጉ ከሌላ የተቀዳ ንድፍ አይመዘግብም። አዲስ ነገር መኖር አለበት። መኪናውን የሠሩት ሰዎች የሠሩትን ቅርጽ የኔ ነው ብሎ ማስመዝገብ አይቻልም።»

«ታዲያ እሱን ማን መዘገበው?»

«አዲስ ነው ብሎ ያስመዘገበው ይቺን ነው» አለችና ፎቶውን በጣቶቿ አሰፋችው። ጉንጯን።

ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ። ማንበብ እችላለሁ። «በግራ የመብራት ማቀፊያ ሥር የሚገኝ ጌጣዊ ጉብታ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእስቱኮ ስህተት ነው፤ ዘርፌ አትንካው ስላለችኝ የቀረ ስህተት። ከዚያች መኪና ላይ ከጃፓን ያልመጣ ነገር ቢኖር እሷ ብቻ ናት፤ እሱም ያንን አውቆ እሷን ብቻ ወሰዳት። በዕድሜው አንድ የራሱ ነገር አውጥቶ አያውቅም ያለኝ ሰው።

ሐዊ ተስፋ አለው አለችኝ። ከመመዝገቡ በፊት የነበረ መሆኑ፣ የሠራው ሰውም ማን እንደሆነ በማስረጃ ከተረጋገጠ ፍርድ ቤት ሊሰርዘው ይችላል። ደረሰኝ አለዎት ወይ አለች፤ እኔ ለማን ደረሰኝ እሰጣለሁ? ነጋዴዎቹስ አለች፤ አብዱል ሱቁን አሳልፎ አይሰጥም፣ ጋራዦቹም ፈርሰው ሰዉ የት እንደገባ አይታወቅም። ስልኳ ላይ ወረቀቱን ወደ ታች ገፋ አድርጋ ስታነብ ፊቷ ተለወጠ። እስጢፋኖስ ማመልከቻው ላይ ንድፉን በመጀመሪያ የሠሩት አባቱ ናቸው፣ በራሳቸው መኪና ላይ፣ እሱም ወራሽ ነው ብሎ ጽፏል። መኪናዋም አለች፤ ጉንጯም አለች፤ አባትየው ደግሞ አይናገሩም።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ሲሠሯት አጠገብዎ ማን ነበር?»

«ዘርፌ። ሚስቴ።»

«እንዲያ ከሆነማ አለቀ!» አለች፣ ፊቷ በርቶ። ልጅ ናት። ለምክሩ ምንም አልወስድም ብላ እስከ ደረጃው ሸኘችኝ። ፓራውልቷን እዚያው ትቻት ሄድኩ፤ «ለማስረጃ ትቀመጥ» አለችኝ።

አማቴ ቤት ስደርስ ተሰብስበዋል። ያ ቤት ድሮ ሰፊ ይመስለኝ ነበር፤ ግማሹ ለመንገዱ ተቆርጦ ሰገነቱ ተነሥቷል፤ ሳሎኑ ግን እንዳለ ነው፤ ሶፋው ላይ ያው ዳንቴል፣ ግድግዳው ላይ የጋሽ ኃይለማርያም ፎቶ በጥቁር ሪባን። ጋሽ አስገዶም፣ የሟቹ የዕድሜ ልክ ጓደኛ፣ መሀል ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው የቤቱ የንስሐ አባት። እስጢፋኖስ ተነሥቶ ጨበጠኝ፤ «ጋሽዬ፣ ሰላም ነህ?» አለ በትሕትና። ዘርፌ ቀድማ መጥታ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ለኔ ያቺ ወንበር ተትታልኛለች፤ ተቀመጥኩና እግሬን ተክዬ ያዝኳት።

ጋሽ አስገዶም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወንድማማቾች በአንድ ዕቃ መካሰስ ለቤቱ ነውር ነው አሉ። ልጁ ደግ ነው አሉ። ወረቀቱን ይዞ ፖሊስ ሊያመጣብህ ሲችል እኛን መረጠ። ሐሳቡም ይሄ ነው፤ አንተ ፎርማህን ታስረክባለህ፣ እሱ ፋብሪካው ውስጥ ያስገባሃል፣ ወር በወር ደመወዝ ይቆርጥልሃል፣ ልብስና ጓንት ይሰጥሃል። «በዚህ ዕድሜህ ከላምባ ሽታ ትገላገላለህ» አሉኝ። የፎርማ ሠራተኛ። የራሴን ፎርማ።

«ጋሽ አስገዶም» አልኩ፣ «ያቺን ጉንጭ የሠራኋት እኔ ነኝ። ልጁ አባቴ ናቸው ያለው ውሸት ነው።»

እማማ ሙሉዓለም ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ነጋሽ፣ ሙት ትወቅሳለህ?»

«ሙት አልወቀስኩም እማማ። እሳቸው ገጩ፣ እኔ ሞላሁ። እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ።»

እስጢፋኖስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቴ በእጃቸው ሲያበጁዋት አይቻለሁ» አለ። «ልጅ ብሆንም አይቻለሁ። የሳቸው መታሰቢያ እንድትሆን ነው የደከምኩት።» ይሄን ሲል ፎቶውን አየ። ጎበዝ ነው። እኔ ራሴ ለቅጽበት ያመንኩት መሰለኝ።

«ዘርፌ ነበረች» አልኩ። «እስቱኮውን ይዛልኝ የነበረች እሷ ናት። ጠይቋት።»

ሁሉም ወደሷ ዞሩ። እሷ ወደ እጇ አየች፤ ጭኗ ላይ የተቀመጠው እጇ ውስጥ አውራ ጣቷን በሌሎቹ ጣቶቿ ሸፈነችው። እናቷ ወደሷ ሳይሆን ወደ ፎቶው ነበር የሚያዩት። ወንድሟ ከፍሎ ያስተማራቸው የእህቷ ልጆች፣ ነገ ቤታችን ቢፈርስ የምንጠጋበት የዚህ ግቢ ሰርቪስ ቤት፣ የሟቹ ስም፣ ይሄ ሁሉ በፊቷ ላይ ሲያልፍ ያየሁ መሰለኝ፤ ምናልባት አላየሁም። ውጭ ግንብ የሚያፈርሰው ማሽን አንዴ አጓራና ቆመ። ጠበቅኋት። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምፈልገው፤ አዎ ብላ ብትስቅብኝም ግድ አልነበረኝም።

«አላስታውስም» አለች። «ቆይቷል።»

የንስሐ አባት ራሳቸውን ነቀነቁ። እማማ እንባቸውን ጠረጉ። እስጢፋኖስ አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ተነሥቶ መጣና አጠገቤ ጎንበስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ያህል ቀስ አድርጎ፣ «ጋሽዬ፣ እኔ ስድብ አልያዝኩም፣ አንተም አትያዝ» አለኝ። «ሰኞ ና። ከሰው ሁሉ በላይ የምታውቃት አንተ ነህ።»

«እንግዲህ ነጋሽ» አሉ ጋሽ አስገዶም፣ «እሺ በልና ይባረክ። ምን ትላለህ?»

ዘርፌን አየኋት። አላየችኝም። የሸሚዜ ቁልፍ፣ ጠዋት የሰፋችልኝ፣ አንገቴን ያዘኝ። ስነሣ ያቺ ወንበር ተንገዳግዳ ግድግዳውን መታችና ቆመች። ኮፍያዬን ከበሩ ኋላ አነሳሁ። ግቢው ጥግ የጋሽ ኃይለማርያም ዲኤክስ ሸራ ለብሳ ጎማዎቿ ተንፍሰው ተቀምጣለች፤ ሸራው ከፊቷ ተገልጦ ግራ መብራቷ ይታያል፤ ጎንበስ ቢሉ ከሥሯ ጣት ማስገባት ይቻላል። አልጎነበስኩም።

«ነጋሽ! ምነው? ሰው አይደለም የጠየቀህ?» የጋሽ አስገዶም ድምፅ ነው። ከኋላው እማማ ሙሉዓለም በሩ ላይ ቆመው፣ «ኧረ እህል እንኳ ሳትቀምስ! ቀርቧልኮ!» አሉ። የዘርፌን ድምፅ ጠበቅሁ። ማሽኑ እንደገና አጓራ። የግቢውን በር ገፋ አድርጌ ወጣሁና በስተኋላዬ መለስኩት።